ድርና ማግ በስልክ ቁልፎች ሥር

የዛሬው ጉዳያችን የስልክ ቁልፍ ሰሌዳ ነው። አሮጌው የጠረጴዛ ስልክ አዲስ ቁልፍ ሰሌዳ ተገጥሞለት አሁንም እንቢ ሲል፣ «ሰሌዳው ብልሹ ነው» ይባላል። ፍርዱ ግን ቸኩሏል። ለምን ቢባል፣ ቁልፍ ሰሌዳ እንደ ሸማ ነው፤ ድር አለው፣ ማግ አለው። እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ ውስጥ ለደንበኞች በቀረበው የድምፅ አደዋወል፣ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ሁለት ድምፅ በአንዴ ያሰማል። አንዱ የአግድሙ ረድፍ፣ ማለትም የማጉ፣ ሌላው የቁልቁሉ፣ ማለትም የድሩ ነው። እንግዲህ አምስት ብቻዋን ዝም ካለች፣ ጥፋቱ እዚያው ሥሯ ነው፤ አቧራ ወይም ያለቀ ጎማ። በሰሜን ተራሮች አጠገብ ባለችው ደባርቅ ደግሞ ጉምና እርጥበቱም አይናቅም። አንድ፣ አራትና ሰባት አብረው ዝም ካሉ ግን የተበጠሰው ድሩ ነው፤ ሽቦውን እንይ።

«ኧረ ሁሉም ይጮኻል፤ ጥሪው ግን ሌላ ሰው ቤት ይገባል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይሆናል። ሰሌዳዎች መልካቸው ቢመሳሰልም የሽቦ ቅደም ተከተላቸው ይለያያል፤ ስለዚህ ሽቦዎቹ ቦታ ተለዋውጠው እንደሆነ ከአሮጌው ጋር ማመሳከር ነው። ድምፅ ቀርቶ ጠቅ ጠቅ ብቻ ከተሰማስ? ያን ጊዜ ሰሌዳውን ተዉት። በብዙ ስልኮች ጎን ወይም ሥር ያለችው ትንሿ የአደዋወል መምረጫ ከድምፅ ወደ ጠቅታ ተገፍታ ይሆናል። ብቻ ስልኩን ከመክፈታችሁ በፊት ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ።