ስለ ሰበካ ጉባኤ አመራር
(በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ሰበካ ጉባኤ ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት። ትምህርቴ ከአንደኛ ደረጃ ያላለፈ፣ ዕድሜዬን በጸሐፊነት የጨረስኩ ሰው ነኝ። የምነግራችሁም ያየሁትን ነው።

የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ የሆነው ቃለ ዓዋዲ የወጣው በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ ቤተ ክርስቲያን የመሬት ገቢዋን አጣች። ከዚያ ወዲህ የካህኑ ደመወዝም፣ ጣሪያውም፣ ጧፉም በምእመናን ላይ ወደቀ። እንግዲህ ገንዘቡ የድኻ መቀነት የተፈታበት ነው ማለት ነው።

በጉባኤው ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይወከላሉ፤ ሰብሳቢው የደብሩ አስተዳዳሪ ነው። ሦስቱ ወገን መቀመጣቸው አንዱ ያላየውን ሌላው እንዲያይ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። በአንድ ደብር የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ነበርኩ። በአንድ የበዓል ማግስት ሙዳየ ምጽዋቱ ሲቆጠር ሌሎቹ ደክሟቸው ሄዱና እኔና ገንዘብ ያዡ ብቻ ቀረን። ቆጠርን፤ ቃለ ጉባኤውን ግን «ነገ እጽፈዋለሁ» ብዬ ተውኩት። ነገ ደግሞ ሌላ ጉዳይ መጣ። ከሁለት ወር በኋላ «የበዓሉ ገንዘብ ጎድሏል» የሚል ወሬ ተነሣ። ገንዘብ ያዡ የባንክ ደረሰኙን አሳየ፤ ዳሩ ግን ያን ቀን ስንት እንደተቆጠረ የሚመሰክር ወረቀት የለም። እኔ ባፌ ብመሰክርለት «ተባባሪው ነው» ተባልኩ። ሰውዬው ከኃላፊነቱ ወረደ፤ ቅዳሴ ሲመጣም ከቅጥሩ በር አያልፍም ነበር። ስሙ ሳይጠራለት ሞተ። አንድ ገጽ ጽሑፍ ባዳነው ነበር፤ እሱን ያልጻፍኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ አንደኛ፣ የሙዳየ ምጽዋቱ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ አይዋል፤ ካህኑ፣ ምእመኑና ወጣቱ አንዳንድ ይያዙ። ሁለተኛ፣ ገንዘብ የቆጠረ ሁሉ ሳይፈርም ከክፍሉ አይውጣ። ሦስተኛ፣ አጀንዳው አስቀድሞ ይነገር፤ ሰብሳቢውም መጨረሻ ላይ ይናገሩ፤ አባ ከቀደሙ ማን ደፍሮ ይቃወማቸዋል? አራተኛ፣ ሒሳቡ በየሦስት ወሩ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝብ ይነበብ።

«ይሄማ አለመተማመን ነው» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ፊርማ የሚጠቅመው ለታማኙ ሰው መሆኑን ዘግይቼ ተረድቻለሁ። የእኛም እድር ሣጥን አለው፤ ዛሬ የተመረጡት ይህን ያስቡልኝ።

ለዚያ ወንድሜ ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ማኅበራችንን ይጠብቅልን።