ዘንድሮ በብስክሌት ወደ ሐዋሳ ስለምናደርገው ጉዞ
(በሠፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስብሰባው ስለ ቆሻሻ ማንሻና ስለ ጎርፍ መውረጃው ቦይ ሲነጋገር ቆይቶ ወደ እኛ ወደ ብስክሌተኞቹ ሲደርስ መምሸቱን እናያለን፤ ስለዚህ ብዙ አናስረዝምም። ንግግራችን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ የጠየቅነው ዛሬ ያልመጡ ወላጆችም እንዲያነቡት ብለን ነው።

እንደሚታወቀው በሚመጣው ኅዳር ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ድረስ በብስክሌት ለመሄድ አስበናል። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። «ደግሞ ሊሄዱ ነው እንዴ?» ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል። አልተሳሳታችሁም። ያለፈው ዓመት ጉዞ እንዴት እንደተበላሸ ሠፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ሆኖም በየቤቱ ሲወራ እየተጨመረበትም እየተቀነሰለትም ስለሆነ ራሳችን እንናገረው።

ያን ጊዜ ሰባት ነበርን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን በአንድ ቀን ባቱ፣ የዱሮዋ ዝዋይ፣ እንገባለን አልን። 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። እስከ ቆቃ ያለው መንገድ ደግሞ ሰው ያታልላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ስትሆን ቆቃ አካባቢ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ቁልቁለቱ ብስክሌቱን ሲነዳልን እኛ ጎበዝ የሆንን መሰለን። ወጣቶቹ ተፈተለኩ። ከቆቃ በኋላ ሜዳውና ሙቀቱ ሲመጣ ቡድኑ ተበጣጠሰ። መቂ በ9 ሰዓት ደርሰን ምግብ ስናዝ ነው ስድስት መሆናችንን የቆጠርነው። ከዚያም «ይመጣሉ፣ ይመጣሉ» እያልን ሰዓት ተኩል ያህል ተቀመጥን። ከሁሉ የሚያሳፍረን ይኼ ነው።

የጎደሉት ጋሼ እነሆ እዚህ ተቀምጠዋል፤ ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፣ ይኸው እየሣቁ ነው። ከቆቃና ከዓለም ጤና መካከል የኋላ ጎማቸው ተበስቶባቸው ቆመዋል። ትርፍ ከመነዳሪ በሻንጣቸው ነበራቸው። መንፊያው ግን ለሰባታችን አንድ ብቻ ስለነበር እርሱንም ከፊት የሚሮጠው ልጅ ይዞት ሄዷል። ስልካቸው ባትሪ ጨርሷል። በስተመጨረሻ አንድ የአህያ ጋሪ የሚነዳ ልጅ ብስክሌቱን ጭኖላቸው ዓለም ጤና ጎሚስታ ቤት አደረሳቸው፤ እኛም ወደ ኋላ ተመልሰን እዚያ ያገኘናቸው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ለባለቤታቸው ስንደውል እትዬ አልተቆጡም። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጎማው ሲበሳ ከኋላቸው የነበረው ማን ነው? አሉን። ማንም አልነበረም። በማግስቱ ብስክሌቶቹን በአይሱዙ ጭነን ተመለስን።

የዘንድሮውን ዕቅድ ስናወጣ የጀመርነው ከእትዬ ጥያቄ ነው። በየቀኑ ከጠንካሮቹ አንዱ መጨረሻ ይሆናል። መንፊያ፣ ማስቲሽ፣ መፍቻና ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ ይይዛል፤ ከእርሱ ኋላ ማንም አይቀርም፣ የሚሸና ሰው እንኳ ቢኖር ቆሞ ይጠብቃል። ከፊት የሚመራው ደግሞ በየ10 ኪሎ ሜትሩ ቆሞ ሰው ይቆጥራል። መንፊያ ሦስት ሆኗል፤ ከፊት፣ ከመካከልና ከኋላ።

ቀኑንም የቆረጥነው በዝግታ በሚሄደው ሰው ልክ ነው። ጋሼ ሻንጣ ጭነው ሜዳ ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ፤ ዕረፍቱና የጎማው ነገር ሲታሰብ 12 ቢባል ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥተን ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት መግባት አለብን፤ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ ሙቀቱም ነፋሱም ይጠነክራል፣ ሲመሽ ደግሞ መብራት የሌለው ጋሪና ከብት መንገድ ላይ አለ። በዚህ ሒሳብ በቀን ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ አይሞከርም። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ሞጆ፣ ሁለተኛ ቀን ባቱ፣ ሦስተኛ ቀን አርሲ ነገሌ፣ አራተኛ ቀን ሐዋሳ።

ሦስተኛው ቀን ከ60 ኪሎ ሜትር ብዙ ስለማይበልጥ የሚቀል ይመስላል። አይቀልም። ከቡልቡላ ወዲያ መንገዱ ቀስ እያለ ይወጣል፤ አርሲ ነገሌ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አቀበቱ ለዓይን አይታይም፣ እግር ብቻ ነው የሚያውቀው። ባለፈው ዓመት እዚያ ብንደርስ ኖሮ ስንቶቻችን መንገድ ዳር እንደምንቀመጥ እግዜር ይወቀው። በአራተኛው ቀን ግን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቀርቶን በሻሸመኔ በኩል እንወርዳለን፤ ምሳችንን አሞራ ገደል ዓሣ እንበላለን ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ይህን ዕቅድ ስናቀርብ ወጣቶቹ አጉረምርመዋል። አራት ቀን ሙሉ? ሰው ይሥቅብናል አሉ። ጽጋቡ ግርማይንም አነሡብን። ልክ ነው፣ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እርሱ ነው፣ እንኮራበታለን። ነገር ግን እርሱን ከኋላ ትርፍ ቸርኬና ውሃ የጫነ መኪና ይከተለው ነበር፤ እኛን የተከተለን የአህያ ጋሪ ነው። ሁለት ልጆች በዚህ ተቀይመው ከቡድኑ ወጥተዋል። አንደኛው ተመልሷል። ሌላውን አልለመንነውም፤ ለመሮጥ የሚፈልግ ሰው ቢሮጥ ነውር የለበትም፣ ከእኛ ጋር ግን አይሆንም።

ስለ መንገዱ ጥቂት እንበል። ፈጣኑ የክፍያ መንገድ ለብስክሌት ስለማይፈቀድ የምንሄደው በአሮጌው ነው። ከአቃቂ እስከ ሞጆ የጭነት መኪናው ብዙ ነው፤ ትልቅ መኪና አጠገባችሁ ሲያልፍ ነፋሱ መጀመሪያ ይገፋል፣ ቀጥሎ ወደ መኪናው ይስባል። ስለዚህ አንድ በአንድ ተሰልፈን፣ በመካከላችን በቂ ርቀት ትተን እንሄዳለን፤ ጎን ለጎን ሆኖ ጨዋታ የለም። ሄልሜት የሌለው አይሄድም። እስካሁን ሦስት ጎድሎናል፤ ቤቱ ያለው ሰው ለአንድ ሳምንት ቢያውሰን እናመሰግናለን። የመንገዱን ሰላም ደግሞ ከመነሣታችን በፊት በየከተማው ላሉ ሰዎች ደውለን እንጠይቃለን፤ ጥሩ አይደለም ከተባለ ጉዞው ይቀራል፣ ክርክር የለውም።

ስንቃችን በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ነው። ውሃ በሰዓት ግማሽ ሊትር ለአንድ ሰው ብለን ይዘናል፣ በሙቀቱ ከዚያም ይበልጣል። ባቱ ሐይቅ ውስጥ መታጠብ ግን ክልክል ነው፤ ቢልሃርዚያ አለበት። ይህን ደጋግመን የምንናገረው ልጆቹን ስለምናውቃቸው ነው።

ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ወላጁ መጥቶ ካልፈረመለት አይመዘገብም። እስካሁን የተመዘገብነው አሥራ አንድ ነን። ማታ ማታ በ12 ሰዓት ለማኅበሩ ጸሐፊ እንደውላለን፤ ስንት ሆነን እንደወጣንና ስንት ሆነን እንደገባን እንናገራለን፣ ጸሐፊውም ሰሌዳው ላይ ይጽፈዋል። እትዬም ከቤታቸው ሲወጡ እንዲያዩት ነው። ጋሼ ዘንድሮም ይሄዳሉ፤ እትዬ የፈቀዱት ግን መንፊያ በራሳቸው ሻንጣ እንዲያዙ ተስማምተው ነው። ስለዚህ መንፊያው አራት ሆነ ማለት ነው።

የፊታችን እሑድ በ3 ሰዓት በማኅበሩ ግቢ ብስክሌቶቹን እንመረምራለን። የፍሬን ጎማው ያለቀ፣ ካቴናው የላላ፣ ቸርኬው የተጣመመ ሁሉ እዚያው ይለያል። የጎማችሁን ቁጥር ጽፋችሁ አምጡ፤ ባለ 26ና ባለ 28 ከመነዳሪ አይዋዋስም። ግራሶ ስለምንነካካ ነጭ ለብሳችሁ አትምጡ።