ከፋብሪካው በፊት ጕድጓዱን እንለካ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ አንዲት ትንሽ መንደር ውሃ ነው። መንደሪቱ ሂንክሊ ትባላለች፤ የምትገኘውም በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ሞሃቬ በተባለው በረሃ ነው። ከእኛ እጅግ የራቀች ብትሆንም፣ በእርስዋ ላይ የደረሰው ነገር ፋብሪካ በሚተከልበት አገር ሁሉ ሊደርስ የሚችል ስለ ሆነ፣ ታሪኳን አጥንተን ልናቀርብላችሁ ወደድን። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ፓስፊክ ጋዝና ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ በ1952 ዓ.ም. በሂንክሊ አጠገብ የተፈጥሮ ጋዝ በቧንቧ እየገፋ የሚያስተላልፍ ጣቢያ አቆመ። የጣቢያው መሣሪያዎች ስለሚግሉ በውሃ ይቀዘቅዙ ነበር፤ ብረቱ እንዳይዝግም በማቀዝቀዣው ውሃ ላይ ክሮሚየም ይጨመርበት ነበር። ከሥራ የወጣው ውሃ ግን ወለሉ በምንም ነገር ባልተለበጠ ኩሬ ውስጥ ይጣል ነበር። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ እንዲህ ሲደረግ፣ ክሮሚየሙ አፈሩን እያለፈ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ሰረገ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው እንደሚባለው፣ ከላይ ሲታይ ኩሬው ኩሬ፣ ጕድጓዱም ጕድጓድ ነበር። ኩባንያው ነገሩን ለውሃ ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያስታወቀው በ1987 ነው። በ1996 ከስድስት መቶ በላይ ለሆኑ ከሳሾች 333 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ይህን ያህሉን ብዙዎቻችን በ2000 ከወጣው ኤሪን ብሮኮቪች ከተባለው ፊልም እናውቀዋለን። ፊልሙ በገንዘቡ ያበቃል፤ የውሃው ሥራ ግን እስከ ዛሬ አላበቃም።

ስለምን አላበቃም? ክሮሚየም በሁለት ዓይነት ጠባይ ይገኛል። ሦስተኛው የሚባለው በውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ አፈር ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ጕዳቱም አነስተኛ ነው። ስድስተኛው የሚባለው ግን ይሟሟል፤ ከውሃው ጋር ይጓዛል፤ መርዛማም ነው። በሂንክሊ ወደ መሬት የገባው ይህ ስድስተኛው ነው። በመንደሪቱ የታየው በሽታ ሁሉ ከእርሱ መጣ ማለት ዛሬም ሊቃውንቱን ያከራክራል፤ ውሃው መበከሉ ግን አላከራከረም።

መሐንዲሶቹ ሁለት ዘዴ ይዘው ተነሡ። አንደኛው፣ አልኮል ወደ መሬት ውስጥ ማስገባት ነው። በአፈሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አልኮሉን ሲመገቡ በውሃው ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሳሉ፤ በዚያን ጊዜ ስድስተኛው ክሮሚየም ወደ ሦስተኛው ተለውጦ ከአፈሩ ጋር ይጣበቃል። ሁለተኛው፣ የተበከለውን ውሃ በፓምፕ እያወጡ የአልፋልፋ እርሻ ማጠጣት ነው፤ በሥሩ አካባቢ ያለው የበሰበሰ ነገር ያንኑ ለውጥ ያመጣል። ሁለቱም ዘዴዎች ብልኀት የሞላባቸው ናቸው። ነገር ግን አስተውሉ፤ ክሮሚየሙ ከአገር አልወጣም፤ ጠባዩ ተለወጠ እንጂ። ከዚህም በላይ ኦክሲጅን ሲጠፋ በአፈሩ ውስጥ ተኝቶ የነበረው ማንጋኒዝና አርሴኒክ ሊሟሟ ስለሚችል፣ ያጸዱትን ውሃ እንደ ገና መጠበቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ በረሃ ያለው ድንጋይ ራሱ በተፈጥሮው ጥቂት ክሮሚየም ወደ ውሃው ይሰጣል። እንግዲህ ኩባንያው የትኛውን ያጽዳ? የእርሱ የሆነው ከየት ይጀምራል? በ2007 የቀረበ ጥናት ተፈጥሮ የሰጠችው በአንድ ሊትር እስከ 3.1 ማይክሮግራም ነው አለ፤ ሌሎች ግን አልተቀበሉትም። ስለዚህ የአሜሪካ መንግሥት የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ጥናቱን እንደ ገና ሠርቶ በ2023 አወጣው። ብክለቱ ከታወቀ 36 ዓመት አልፎ ነበር። በዚህ መካከል ብዙ ሰው ቤቱን ለኩባንያው እየሸጠ ሄደ፤ የመንደሪቱም ትምህርት ቤት በ2013 ተዘጋ። ይህ ሁሉ ክርክር የመጣው፣ ጣቢያው ከመቆሙ በፊት የጕድጓዶቹን ውሃ ለክቶ በመዝገብ ያስቀመጠ ሰው ባለመኖሩ ነው።

ጓደኞቻችን፤ አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች አሉ፤ ቆዳ ለማልፋትም የክሮሚየም ጨው ይሠራበታል። ይህ ሦስተኛው ዓይነት ስለ ሆነ ከሂንክሊው ጋር አንድ ነው ብለን አንከራከርም። ሆኖም የሞጆ ወንዝ ወደ ቆቃ ይወርዳል፤ በዳርቻውም ሰውና ከብት አለ። አዲስ አበባም ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉን ከአቃቂ ጕድጓዶች ታገኛለች፤ አቃቂ ደግሞ የፋብሪካ ሰፈር ነው። በእኛ አቈጣጠር በ1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ወጥቷል፤ ሕግ ግን ብቻውን ጠርሙስ ይዞ ወደ ጕድጓድ አይወርድም።

አንዳንዶች «ድኻ አገር ነን፤ አስቀድመን ሥራና ዳቦ ይምጣልን፤ ውሃውን ኋላ እናጸዳዋለን» ይላሉ። እኛም ፋብሪካ አይቁም አንልም፤ ሥራ ፈት ሆኖ ንጹሕ ውሃ መጠጣት ብቻ ኑሮ አይሆንምና። ነገር ግን «ኋላ እናጸዳዋለን» የሚለው ቃል የባለጠጋ ቃል ነው። ካሊፎርኒያን የሚያህል ባለጠጋ ግዛት ያላጠናቀቀውን ሥራ እኛ በምን ገንዘብ እንጨርሰዋለን? ድኻ ለሆነ አገር የሚረክሰው ኩሬውን መለበጥና ውሃውን አስቀድሞ መለካት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው።

ስለዚህ አንድ አሳብ እናቀርባለን። የኬሚስትሪና የጂኦሎጂ ተማሪዎች አወሳሰዱን ከመምህራን ተምረን፣ በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችን ስንሄድ የጕድጓድና የምንጭ ውሃ ናሙና እናምጣ፤ ስፍራውን፣ ቀኑንና የጕድጓዱን ጥልቀት እንጻፍ፤ ዩኒቨርሲቲያችንም ይህን በአንድ መዝገብ ያስቀምጥልን። መምህራኖቻችን ላቦራቶሪውን እንዲከፍቱልን በትሕትና እንለምናለን።

ከእኛ መካከል ነገ በፋብሪካ ውስጥ ተቀምጦ «ፍሳሹ ወዴት ይሂድ?» በሚል ወረቀት ላይ የሚፈርም አይጠፋም። ያን ቀን በመዝገቡ ላይ የጕድጓዱ የትናንት መልክ ተጽፎ ከተገኘ፣ ፈራሚው ያፍራል፤ ባለ ጕድጓዱም ገበሬ የሚከራከርበት ማስረጃ ይኖረዋል።