የተቋረጠው ፋይል የት ይገባል?

እሷ፦ 800 ሜጋባይት ቪዲዮ እየጫንክ 90 በመቶ ላይ ኔትወርኩ ድርግም ቢልስ? እስከዚያ የደረሰው የት ይገባል?

እሱ፦ በፒኤችፒ የተሠራ ድረ ገጽ ከሆነ፣ ሰርቨሩ ፋይሉን መጀመሪያ ጊዜያዊ ማህደር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ፕሮግራሙ ወደ ቋሚ ቦታ ካላዛወረው ሥራው ሲያበቃ ይሰረዛል።

እሷ፦ እና ሰው ከዜሮ ሊጀምር ነው? በሞባይል ዳታ ለሚከፍልማ ግፍ ነው!

እሱ፦ ግፍ ነው እንጂ! መፍትሔው እኮ አለ። «ተስ» በሚባለው ፕሮቶኮል፣ ብራውዘሩ ግንኙነቱ ሲመለስ «ስንት ባይት ደርሶሃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ ቁጥሩን ይነግረዋል፤ ከዚያው ይቀጥላል።

እሷ፦ ጎዶሎ ፋይል ይዞ መጠበቅ ግን ዲስክ ይሞላል።

እሱ፦ ልክ ነሽ፣ ገደብ ይፈልጋል። አማዞን ኤስ3 በሚባለው የፋይል ማከማቻ ላይ እንኳ ሳይጠናቀቁ የቀሩ ፋይሎች ቁርጥራጮች እስኪሰረዙ ድረስ ያስከፍላሉ፤ ለምሳሌ በ7 ቀን በራሳቸው እንዲጠፉ ማዘዝ ይቻላል።