መርዛማ ቆሻሻና ጤናችን
(በጅቡቲ ከተማ ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች የተደረገ ንግግር)



ይህን ሙቀት ችላችሁ ስለተሰበሰባችሁ በቅድሚያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ዛሬ የምንነጋገረው መርዛማ ኬሚካል በፈሰሰበት ወይም በተጣለበት ቦታ የሠራና የኖረ ሰው ጤናው መጎዳቱ እንዴት እንደሚጣራ ነው።

ጉዳዩ ለዚህች ከተማ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ ላይ ከእንግሊዝ አገር ተጭኖ ወደ ኢትዮጵያ ሊሻገር የነበረ ኬሚካል በጅቡቲ ወደብ ከኮንቴይነር አፈትልኮ ፈሰሰ። ኬሚካሉ የእንጨት ምሰሶ በምስጥ እንዳይበላና እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ሲሆን፣ ክሮሚየም፣ መዳብና አርሴኒክ አለበት። አርሴኒክ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሽታም ጣዕምም የለውም፤ ውሃውን ማፍላትም አያስወግደውም።

ሆኖም አንድ ሰው ስላሳለው ወይም ቆዳው ስላሳከከው ብቻ «ኬሚካሉ ነው» ማለት አይቻልም። በዚህ አቧራና ሙቀት የማያስለው ማን አለ? ስለዚህ መርማሪ ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ መርዙ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ወደ ሰውነት የገባው በእስትንፋስ ነው፣ በቆዳ ነው ወይስ በአፍ? ሦስተኛ፣ በቦታው የነበሩት ካልነበሩት ይልቅ ታመዋል ወይ?

ሦስተኛውን ለመመለስ ማን የት እንደነበረ መታወቅ አለበት። ችግራችንም እዚህ ላይ ነው። የቀን ሠራተኛ ስሙ ብዙ ጊዜ በመዝገብ አይሰፍርም፤ ስደተኛም ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ ቦታ ነው። አርሴኒክ በሽንት ምርመራ የሚታየው ለጥቂት ቀናት ሲሆን፣ በጥፍርና በጠጉር ለወራት ይቆያል። ለረጅም ጊዜ የገባበት ሰው ግን የመዳፍና የውስጥ እግር ቆዳው መጠጠር፣ ካንሰርም ጭምር ከዓመታት በኋላ ሊመጣበት ይችላል። ያን ጊዜ ማስረጃው ከየት ይገኛል?

በአሜሪካ ኒያጋራ ፎልስ ከተማ፣ ኬሚካል በተቀበረበት ቦይ ዙሪያ በተሠራ መንደር፣ ሎይስ ጊብስ የተባሉ እናት የልጃቸው ሕመም ቢያሳስባቸው እ.ኤ.አ. በ1978 ቤት ለቤት እየዞሩ ጎረቤቶቻቸውን ጠየቁ። ሐኪም አልነበሩም፤ ነገር ግን ጠይቀው በመመዝገባቸው ሰሚ አገኙ። በመጨረሻም መንግሥት ነዋሪዎቹን ከዚያ አዛወረ።

እኛስ ምን እናድርግ?

1. የሠራንበትን ቦታና ቀን፣ በዕቃው ላይ ያየነውን ጽሑፍና ምልክት፣ የተሰማንንም ሕመም እንጻፍ። መጻፍ የማይችል ልጁን ያጽፍ።

2. ሐኪም ባይጠይቀንም ሥራችንን እንንገረው። ለአርሴኒክ ምርመራ ሽንት ከመስጠታችን በፊት ለጥቂት ቀናት ዓሣ አንብላ፤ ውጤቱን ያሳስታልና።

3. ኬሚካል የነበረበትን በርሚል ወይም ጄሪካን ብናጥበውም እንኳ ውሃ አንቅዳበት።

4. በኬሚካል የተነከረ አሮጌ ምሰሶ አናንድድ። ጭሱም አመዱም መርዝ ነው።

ወገኖቼ፣ ዛሬ በደብተር የሰፈረች አንዲት መስመር ነገ ለልጆቻችን ምስክር ትሆናለች።