ኔክታሪን፦ ፀጉር የሌለው ኮክ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የቀበሌ የልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የዩኒየናችን አባል አርሶ አደሮች፣
የተከበራችሁ የወረዳችን የሥራ ኃላፊዎች፣



ኔክታሪን ባዕድ ተክል አይደለም። ደጋው የሚያውቀው ኮክ ነው፤ ልዩነቱ ልጣጩ ፀጉር የሌለው መሆኑ ነው። እንዲያውም አልፎ አልፎ በኮክ ዛፍ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ተለይቶ ልሙጥ ፍሬ ያፈራል። እንደ ፖም ሌላ ዝርያ አጠገቡ ካልተተከለ አላፈራም አይልም።

ዋናው ጉዳይ ብርድ ነው። ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ሲያርፍ የሚበቃውን ያህል ብርድ ካላገኘ አበባው ይዘበራረቃል፣ ፍሬ አይዝም። ብዙዎቹ የቀዝቃዛ አገር ዝርያዎች ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ከ600 ሰዓት በላይ ብርድ ይሻሉ። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የተገኘው ሳንሬድ የተባለው ዝርያ ግን 250 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ለእኛ የሚቀርበው እንዲህ ያለው ነው። ስለዚህ የችግኝ ሻጭ "ኔክታሪን ነው" ቢላችሁ አይበቃም፤ የዝርያውን ስምና የተከተበ መሆኑን ጠይቁ። ስሙን ካላወቀ ገንዘባችሁን አትስጡ። ዛፉ መሐን መሆኑ የሚታወቀው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ሻጩ የለም።

መረሬ አፈር ላይ አትትከሉት፤ ውሃ ሥሩ ላይ ሲተኛ ይሞታል።

ስለ አገራረዝ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የአንድ አባታችንን ሁለት የኮክ ዛፎች እንደ ፖም ገረዝኩ። ፖም በአሮጌ አጫጭር ቅርንጫፎቹ ስለሚያፈራ፣ ቀላ ያሉትን ቀጫጭን አዳዲስ ቅርንጫፎች በሙሉ አነሣሁ። ኮክም ኔክታሪንም የሚያፈሩት ግን ባለፈው ዓመት በበቀለው ቅርንጫፍ ላይ ነው። በዓመቱ አንድ ፍሬ አልተገኘም። አባታችን "ልጄ፣ ዛፉ ምን በደለህ?" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከመቁረጤ በፊት የቅርንጫፉን ዕድሜ አያለሁ።

ፍሬው የአውራ ጣት ጫፍ ሲያክል በየ15 ሳንቲ ሜትሩ አንድ አስቀርታችሁ ሌላውን አራግፉ። እናቶች ይህን ሲያዩ ያዝናሉ፤ እኔንም ያሳሳኛል። ካልተራገፈ ግን ሁሉም ደቃቃ ይሆናል፣ ቅርንጫፍም ይሰበራል።

ለኃላፊዎቻችን አንድ ልመና አለኝ፤ ሪፖርታችን የተከፋፈለውን ችግኝ ይቆጥራል፣ በሦስተኛው ዓመት ያፈራውም ይቆጠር። ለዩኒየናችንም፦ ይህ ፍሬ በጆንያ አይጫንም፣ ሳይለሰልስ ተለቅሞ በሣጥን ነው። ሣጥኑና የመኪናው ቀን አስቀድመው ካልታሰቡ ተከላውን በአንድ ዓመት ብናቆየው ይሻላል።