ለስብሰባ ጥሪ የሰጠነው ስልክ

አቅራቢ ሀ፦ አንድ ሐኪም የሙያ ማኅበሩን ድረ ገጽ ሲከፍት፣ ገና ምንም ሳይጽፍ፣ የስልኩ የኢንተርኔት አድራሻ ብዙውን ጊዜ ይመዘገባል። ኩኪ የሚባለው ትንሽ ፋይልም ስልኩ ላይ ይቀመጣል።

አቅራቢ ለ፦ እሱስ ይሁን። የአባልነት ቅጹ ስም፣ ስልክ፣ የሥራ ቦታ፣ የሙያ ፈቃድ ቁጥር ይጠይቃል። ለስብሰባ ጥሪ ብለን የሰጠነው ስልክ ሳንጠየቅ ለሥልጠና ሻጭ ሲተላለፍ ግን እምነት ማጉደል ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

አቅራቢ ሀ፦ ሕጉም አለ እኮ! የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

አቅራቢ ለ፦ አባሉም «መረጃዬን አሳዩኝ፣ ስህተቱን አርሙልኝ» የማለት መብት አለው።

አቅራቢ ሀ፦ የማኅበር አመራሮች፣ የማያስፈልጋችሁን አትጠይቁ፤ የወሰዳችሁትን ለማን እንደምታካፍሉም በግልጽ አማርኛ ጻፉልን።